ዕቁብ ላይ የማይሰንፍ እጅ ዱቤ ላይ ለምን ይሰንፋል?

ከተቋማችን በር ወጥተን ወደ አምቦ ገበያ ስንወርድ መንገዱ ሁለት ዳር አለው። በቀኙ በኩል የዛፍ ጥላ አለ፤ መረማመጃውም ደህና ነው። በግራው በኩል ጭቃና ድንጋይ ነው። ሆኖም ከወሩ አጋማሽ በኋላ ብዙዎቻችን በግራው በኩል ጭቃውን ስንዘል እንታያለን። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ቢያየን፣ «እነዚህን የነገ መምህራን ምን ነካቸው?» ማለቱ አይቀርም። እኛ ግን እናውቀዋለን። በቀኙ በኩል ሱቅ አለ፤ በሱቁ ውስጥ ደብተር አለ፤ በደብተሩ ውስጥ ስማችን አለ።

ውድ ሠልጣኞችና መምህራን! ይህን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማውጣት ያነሣሣን ነገር ቀልድ አይደለም። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛችን ሥልጠናውን አቋርጦ ወደ ጌዶ ለመመለስ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፤ በማስተማር ልምምድ ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ያደከመው ዕዳ ነው። እሱ ራሱ ፈቅዶልን ስሙን ሳንጠራ ታሪኩን ወደ ኋላ እናነሣዋለን። አስቀድመን ግን ዕዳ ሲከፈል የሰው ልብ ለምን እንደሚደክም፣ ምን ሲሆንስ እንደሚበረታ በመጠኑ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በአገራችን የቀድሞ የዳኝነት ሥርዓት ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ድረስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ይውሉ ነበር። አንዱ ሲሄድ ሌላውም ይሄዳል፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላውም ይቀመጣል። ከውጭ አገር የመጡ ተጓዦች ይህን አይተው እየተደነቁ ጽፈዋል። ልማዱ ከቀረ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው አነጋገራችን ውስጥ አለ። የድሮው ቁራኛ ግፍ እንደ ነበረ አንክድም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ባለ ዕዳው ከአበዳሪው ሊደበቅ አይችልም ነበር። ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሲሰለቻቸውም መነጋገራቸው አይቀርም። የዛሬ ባለ ዕዳ ግን ይደበቃል። ሲደበቅ ጊዜ ቁራኛው ከእጁ ተነሥቶ ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ የሚፈታው ዳኛ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንግባ። በገበያው ውስጥ ቅቤ ከምትሸጠው እናት ጀምሮ እስከ ጋሪ ነጂው ድረስ ብትጠይቁ ዕቁብ የማይጥል ሰው ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል 12 ሰዎች በየወሩ 500 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንውሰድ። ዕጣው የወጣለት ሰው 6,000 ብር ይቀበላል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ከራሱ ኪስ ያወጣው 500 ብር ብቻ ነው። የቀረው 5,500 ብር የአሥራ አንዱ ሰዎች ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ሰው በዚያች ዕለት የ5,500 ብር ባለ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ወር የሚወጣለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለሌሎቹ ሲያበድር ከረመ። ታዲያ ያ የመጀመሪያው ሰው «እኔ ባለ ዕዳ ነኝ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ አይታይም። እንዲያውም እልል ተብሎለት፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ ነው ብሩን የሚወስደው! ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብ፣ ልጅ ቢታመም፣ ገበያው ቢቀዘቅዝ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሳያጓድል ይጥላል። ያው ሰው ግን የባለሱቁን 400 ብር ለመክፈል ሦስት ወር ሲያመላልስ እናየዋለን።

ሰውየው ያው ነው፤ ኪሱም ያው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በሰውየው ጠባይ ውስጥ መፈለግ አያዋጣም፤ በአከፋፈሉ ሥርዓት ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት።

ዕቁብ ቀን አለው። ሰኞ ነው ከተባለ ሰኞ ነው፤ «ሲገኝ» የሚባል ነገር የለም። መጠኑም የታወቀ ነው፤ በዚህ ወር 500፣ በሚቀጥለውም 500። ማለቂያው ገና ሲጀመር ይታወቃል፤ ዕቁብተኛው «አራት ቀረኝ፣ ሦስት ቀረኝ» እያለ ይቆጥራል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የዘገየ ይቀጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ከሁሉም በላይ ግን ዓይን አለው። የሚጥለው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፤ እነሱም ሲጥሉ ያያቸዋል። የራሱ መክፈል ብቻውን አይደለም፤ ከሌሎች ጋር አብሮ የሚሠራው ሥራ ነው። (ዕቁብ አይፈርስም ማለታችን አይደለም። ወስዶ የጠፋም ሰው አለ፤ ዋስ የተፈለገውም ለዚህ ነው።)

አሁን ዱቤውን ደግሞ እዩት። ቀን የለውም። መጠን የለውም። «ጋሼ፣ ብር ስትላክልኝ እሰጥዎታለሁ» እንላለን፤ እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ ብቻ እንዳትጠፋ» ይላሉ፤ ውሉ ይኸው ነው። ከዚያ ብር ይመጣል። 200 ብር እንከፍላለን። እዚያው እንደ ቆምን ግን ሳሙና አልቋል፣ ስኳር አልቋል፣ እስክሪብቶም ያስፈልጋል፤ 150 ብር እንደገና ይጻፍብናል። በእጃችን 200 ብር አወጣን፤ ዕዳችን የቀነሰው 50 ብር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር እንዲሁ፤ በሦስተኛው ወር እንዲሁ። ሰው የሚደክመው ስለ ከፈለ አይደለም፤ ከፍሎ የከፈለው ስለማይታየው ነው። ደብተሩ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። «የቱንም ያህል ብከፍል ያው ነኝ» የሚለው ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ መክፈሉም መበደሩም አንድ ይሆንብናል፤ ያኔ ነው ወደ ጭቃው የምንሻገረው።

በሥነ ልቡና ትምህርታችን የሰማነው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ክላርክ ሃል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ስለ አይጦች ባቀረበው ጥናት፣ አይጧ በተጠላለፈው መንገድ ውስጥ ስትሮጥ ምግቡ ወዳለበት በቀረበች መጠን ፍጥነቷ እንደሚጨምር አስረድቷል። የሰውም ጉልበት እንዲህ ነው። ጉልበት ቅርብ ከሆነ ግብ ይመጣል። ግቡ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ከየት ይምጣ?

ስለ ዕዳም በቀጥታ የተጠና አለ። ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዕዳቸውን ለመክፈል በፕሮግራም የተመዘገቡ ሰዎችን መርምረው ነበር። ያገኙትም ውጤት ይህ ነው፤ ከብዙ ዕዳዎቻቸው ውስጥ አንዱን፣ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የቻሉት ሰዎች ሁሉንም ከፍለው የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የተዘጋው ዕዳ ትንሽ ቢሆንም ልብን ያበረታል ማለት ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሲንጋፖር አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕዳቸውን ከከፈለላቸው ድኾች ጋር በተደረገ ጥናት፣ ሰዎቹ ዕዳቸው ከተቃለለ በኋላ በጥሞና የማሰብና የማስተዋል ፈተናዎችን ቀድሞ ከሠሩት በተሻለ ሠርተዋል፤ ጭንቀታቸውም ቀንሷል። የሚያስገርመው፣ ከተከፈለው ገንዘብ ብዛት ይልቅ የተዘጉት ዕዳዎች ቁጥር ለውጥ ማምጣቱ ነው። ለመምህርነት ለሚሠለጥን ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምስት ቦታ ትንሽ ትንሽ ዕዳ ያለበት ሠልጣኝ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ጆሮው መምህሩ ዘንድ፣ ልቡ አምስት ቦታ ነው።

እስካሁን ያልነው ወለድ ስለሌለው ዕዳ ነው። አራጣ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ የጓደኛችንም ታሪክ እዚህ ላይ ነው።

እናቱ ታማ በነበረ ጊዜ ከአንድ ሰው 3,000 ብር ተበደረ። ስምምነቱ ከመቶው 10 ብር በወር ነው። ይኸውም በየወሩ 300 ብር ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ የከተማ ልጆችን እያስጠና ያገኘውን 300 ብር በየወሩ ወስዶ ይሰጣል። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላጓደለም። እኛ ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ እሱ ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ «ሆዴን አሞኛል» ይላል። አንድ ማታ ሻንጣውን ሲሸክፍ ደረስንበት። ጠይቀን ጠይቀን ሲቸግረው ተናገረ፤ ወረቀትና እርሳስ አውጥተን ሒሳቡን ሠራን። ሰባት ጊዜ 300፣ 2,100 ብር ከፍሏል። ያለበትስ? 3,000 ብር። አንድ ሳንቲም አልቀነሰም! የከፈለው ሁሉ ወለድ ነበርና። «በርታ» ብንለው ምን ይጠቅመዋል? በዚያ አከፋፈል ዕድሜውን ሙሉ ቢበረታ እዚያው ነው።

ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ቢስማሙ እንኳ ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። (ለባንኮች የራሳቸው ደንብ አላቸው።) ሕጉ የሚለው በዓመት 12 ነው፤ ጓደኛችን የሚከፍለው ግን በወር 10፣ ማለት በዓመት 120 ነበር። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ያው ሕግ ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን በወንጀል ያስቀጣል። ለሰውየው ሕጉ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ወለድ ብናስብለት እንኳ የ3,000 ብር የሰባት ወር ወለድ 210 ብር ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 3,210፤ ከዚህ 2,100 ሲነሣ የሚቀረው 1,110 ብር ብቻ ነበር።

ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ጓደኛችን ግን አልፈለገም፤ በጨነቀው ቀን ያበደረው እሱ ነው ብሎ። ከአንድ መምህራችን ጋር ሆነን ሁለት ሽማግሌዎች ለምነን ሄድን። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔ ሄጄ ለምኜዋለሁ? እሱ ነው የመጣው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ለምኖታል። አንደኛው ሽማግሌ ብዙ አልተናገሩም፤ «ተው እንጂ፣ ይህ ልጅ ነገ የልጆችህ አስተማሪ ነው» ብቻ አሉት። ሒሳባችንንም አሳየነው። በመጨረሻ በ1,500 ብር ተስማሙ፤ በወር 300፣ በአምስት ወር ሊያልቅ። ከሕጉ ሒሳብ ይበልጣል፤ እኛም አጉረምርመን ነበር። ጓደኛችን ግን በዚያው ማታ ሻንጣውን ፈታ።

ልብ በሉ፤ በየወሩ የሚከፍለው ያው 300 ብር ነው። የሚያስጠናቸውም ልጆች ያው ናቸው። ሰባት ወር 300 ሲከፍል ተስፋ የቆረጠ ሰው፣ 1,500፣ 1,200፣ 900 እያለ ሲወርድ ማየት ሲጀምር እንደገና ሰው ሆነ። በሦስተኛው ወር ላይ «ሁለት ብቻ ቀረኝ» ሲል ድምፁ ዕቁብ እንደሚጥል ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። ትንሹን ዕዳ ቀድሞ መዝጋት ልብን ያበረታል ብለናል፤ ይህ ግን ወለድ ለሌላቸው ዕዳዎች ነው። የባለሱቁ 200 ብር ዘንድሮም ያው 200 ነው። አራጣው ግን ተኝተን ስናድር ይወልዳል። አራጣ ያለበት ሰው የልብ ደስታን ትቶ ሒሳቡን ማስቀደም አለበት፤ ያንን ከነቀለ በኋላ ነው ወደ ትንንሾቹ መሄድ ያለበት። በዚህ ላይ በመኝታ ክፍላችን ተከራክረንበታል፤ አንዳንዶቻችን እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

«ዕዳ የሚያቅተው ሰነፍ ሰው ነው» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ በዚሁ በምዕራብ ሸዋ የሆነውን እናስታውሳቸው። ከአምቦ በጉደርና በጌዶ አልፈን ወደ ነቀምት ስንጓዝ ባኮን እናገኛለን። ባኮ የበቆሎ አገር ነው፤ እንደ ቢ.ኤች. 660 ያለው ዲቃላ ዘርም ከባኮ የምርምር ማዕከል ሥራ ጋር ስሙ ይነሣል። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ማድረስ ጀመረ። ገበሬው ሠራ፤ ምርቱም ጨመረ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን በቆሎው በዛና ዋጋው ወደቀ። ዕዳው የሚሰበሰበው ደግሞ ልክ በአዝመራ ጊዜ፣ ማለት ዋጋው ከሁሉ በሚረክስበት ወቅት ነበር። አብዝቶ ያመረተው፣ ብዙ ማዳበሪያ የወሰደው ገበሬ ከሁሉ የባሰ ተጎዳ፤ በሬውን ሸጦ የከፈለ አለ። በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ብዙዎቹ ማዳበሪያ ለመውሰድ ልባቸው ፈራ። እነዚህን ሰዎች ሰነፍ የሚላቸው ማን ነው? የተሰበረው ጉልበታቸው አይደለም፤ የመክፈያው ቀንና የገቢው ቀን አልተገናኙላቸውም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እኛም የመክፈያ ቀናችንን «በወሩ መጨረሻ» ካልነው፣ ብራችን ግን በወሩ መጀመሪያ የሚመጣ ከሆነ፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፈል ብር አይኖርም። መክፈያው ብሩ እጃችን የገባበት ቀን መሆን አለበት። ከተቻለም ወደ ገበያ ከመውረዳችን በፊት።

(በነገራችን ላይ ዕዳ በአዋጅ የተሰረዘበትም ጊዜ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ያለበትን ዕዳ ሁሉ ሰርዟል፤ ለወላጆቻችን ወላጆች ትልቅ ቀን ነበር። የእኛን የሳሙናና የስኳር ደብተር የሚሰርዝ አዋጅ ግን ይመጣል ብለን ባንጠብቅ ይሻላል።)

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ከጓደኛችን ነገር በኋላ ስምንታችን ተሰብስበን ዕዳችንን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም የከበደው እሱ ነበር። አንዳችን የራሳችንን ዕዳ ጠቅላላ አናውቅም ነበር! «ወደ 300 ገደማ» ያለው ልጅ ሲደመር 640 ሆነበት። አንዲቱ ደግሞ «ብዙ ነው፣ አልጽፍም» ብላ ስትጨነቅ ቆይታ ሲቆጠር 380 ብር ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ ዕዳን ሳይቆጥሩት ይተልቃል። በጠቅላላው አሥራ አንድ ዕዳ ተመዘገበ።

ከዚያ ዕቁቡን ገለበጥነው። በየወሩ ብር በመጣ ማግስት ማታ ሁላችንም እንቀመጣለን፤ እያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ የቆረጠውን መጠን፣ 50 ይሁን 100፣ በሁላችን ፊት ያወጣል። ዳኛ መርጠናል። የዘገየ ሰው የክፍሉን ወለል ይጠርጋል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ አበዳሪዎቹ ሄደን እንከፍላለን፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡ ይለወጣልና። አንድ ከባድ ደንብም አወጣን፤ በከፈልንበት ቀን ከዚያው ሱቅ ምንም በዱቤ አይወሰድም። ሳሙና ካለቀ ከጓደኛ እንጠይቃለን እንጂ ያ ገጽ እንደገና አይከፈትም። ይህን ደንብ ሁለት ጊዜ ጥሰነዋል፤ አንድ ጊዜ በበዓል፣ አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት።

መጀመሪያ የከፈልን ቀን ባለሱቁን ይቅርታ ጠየቅን፤ ስለ ተሸሸግናቸው። ሳቁብን። «እኔ እኮ ስታልፉ አያችኋለሁ፤ እኔን ያሳዘነኝ ጫማችሁ ነው» አሉን።

ወረቀቱ ላይ ከመግባታቸው በፊት ብዙ ያከራከሩን የስልክ ብድሮች ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር በኩል «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አነስተኛ ብድሮችን ካቀረበ ወዲህ ብድር ከኪሳችን ሳንወጣ የሚገኝ ነገር ሆኗል። በቸገረ ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ በጣም የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፊት የለውም። ጋሼን ስናይ እናፍራለን፤ ስልኩን አናፍረውም፤ ስለዚህ ሳናስብ እንወስዳለን። ብር ሲገባልን ደግሞ ራሱ ቆርጦ ስለሚወስድ የከፈልነው አይታወቀንም፤ «ብሬ የት ገባ?» እያልን እንጨቃጨቃለን። እኛ የወሰንነው የስልኩም ብድር ከነአገልግሎት ክፍያው በወረቀቱ ላይ እንደማንኛውም ዕዳ እንዲጻፍ ነው።

ተመርቀን ስንወጣ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ወደ ጀልዱ ወይም ወደ ግንደበረት የሚመደብ አዲስ መምህር የመጀመሪያ ደመወዙ ከመድረሱ በፊት የቤት ኪራይ፣ ፍራሽና ምድጃ ይፈልጋል፤ ቤተሰብም «ልጃችን ደመወዝተኛ ሆነ» ብሎ ይጠብቃል፤ ታናናሾቹም ደብተር ይፈልጋሉ። ዱቤው የሚጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ በመሥሪያ ቤትና በወረዳ ያሉትን የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችን እንዲህ ያለው ማኅበር በ1964 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ተጀመረ፤ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመሩ ብዙ ናቸው። አባሉ በየወሩ ይቆጥባል፤ ከቆጠበ በኋላ ከራሳቸው ከአባላቱ ገንዘብ ይበደራል፤ ክፍያው ከደመወዙ በወር በወሩ ይነሣል። ዕቁብ ውስጥ ያየነው ነገር፣ ማለት ቀኑ፣ መጠኑ፣ ማለቂያውና ዋሱ፣ እዚህም አለ። የጎደለው እልልታው ነው። በመጀመሪያው ወር ገብቶ በመጀመሪያው ወር ለመበደር የሚፈልግ ሰው ግን ያዝናል፤ መቆጠብ ይቀድማልና። ስለዚህ ከመቸገር በፊት መመዝገቡ ይሻላል።

ይህን ስንጽፍ በበራችን ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከአሥራ አንዱ ዕዳዎች ሰባቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። ከቀሩት አራቱ አንዱ የጓደኛችን የመጨረሻ 300 ብር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ሽማግሌዎች ባሉበት ይከፈልና የድሮው ወረቀት በፊታቸው ይቀደዳል። ከመካከላችን አንዱ ልጅ ደግሞ በዚህ ወር የቆረጠውን ሳያወጣ ቀርቷል፤ ወለሉን እየጠረገ ነው። የወረቀቱን አሠራር ማየት የሚፈልግ ሠልጣኝ ቢኖር ማታ ከጥናት ሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል፤ በሩ ክፍት ነው።